ርስትና ግብር በመንዝና ግሼ

ርስትና ግብር በመንዝና ግሼ በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም ዋና ከተማው ራቤል በሆነው በግሼ ወረዳና በአጎራባቾቹ የመንዝ ወረዳዎች፣ ከወላጆች የሚወረስ መሬት እንዴት ግብር ሲከፈልበት እንደኖረ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። በዚህ አካባቢ ግብር የሚከፈለው መሬት ከሟች ወደ ወራሽ ሲያልፍ ሳይሆን፣ መሬቱን የያዘው ሰው በየዓመቱ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ትቶት በሚያልፈው ሀብት ላይ አንድ ጊዜ የሚጣል፣ ራሱን የቻለ የውርስ ግብር በኢትዮጵያ የለም። ስለዚህ በብዙ አገሮች «የውርስ ግብር ይቀነስ ወይስ አይቀነስ» እየተባለ የሚካሄደው ክርክር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። እዚህ የሚቀነስ የውርስ ግብር ስለሌለ ጥያቄው የተወረሰ ሀብት በየትኛው መንገድ ግብር ይክፈል፣ ከማንስ ይሰብሰብ የሚል ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አካባቢው

ግሼ ከመንዝ በስተሰሜን የሚገኝ ደጋ ሲሆን በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። ወረዳው ከከተማው ስም ጋር ተያይዞ «ግሼ ራቤል» ተብሎም ይጠራል። በስም መመሳሰል ምክንያት በወሎ ከሚገኘው ከግሸን ማርያም ጋር አንዳንዴ ይምታታል፤ ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈል ነበር፤ ስሞቹ ዛሬም የወረዳ ስም ሆነው ይገኛሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለቱ አንድ ላይ «መንዝና ግሼ አውራጃ» ይባሉ ነበር። ከወደ ደቡብ ምዕራብ ያለው መርሐቤቴ ደግሞ ሌላ አውራጃ ነበር።

የአካባቢው ሰው ሀብት መሬት፣ በግና ገብስ ነው። የመንዝ በግ ራሱን የቻለ ዝርያ ሲሆን ከጸጉሩ ባና ይሠራል። ከቅርብ ትውልዶች ወዲህ ደግሞ ባሕር ዛፍ የተተከለበት ቦታ እንደ ቁጠባ ይቆጠራል። ይህ መታወቅ ያለበት የግብር ሕጉ የሚያየው ሀብትና ሰው በእርግጥ የሚያወርሰው ሀብት ሁልጊዜ አንድ ስላልሆኑ ነው። ግብሩ መሬቱን ቆጥሮ ሲጠይቅ በጎቹ ግን በውርስ ሲከፋፈሉ ማንም አይመዘግባቸውም።

ርስትና ውርስ

ርስት ማለት አንድን ምድር መጀመሪያ ካቀና አባት ወይም እናት በትውልድ የሚገኝ የመሬት መብት ነው። መንዝ በሸዋ ውስጥ የርስት ሥርዓት ጸንቶ ከቆየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፉ ስለ አማራ ገበሬ ኑሮ የጻፈው በአብዛኛው በመንዝ ቆይቶ ባየው ላይ ተመሥርቶ ነው።

የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ይተላለፋል። ወንድም ሴትም ልጅ ይወርሳል። በመርህ ደረጃ የአቅኚው ተወላጅ የሆነ ሁሉ ድርሻ አለው፤ ይህ ማለት አንድ ሰው በስምንት ቅድመ አያቶቹ በኩል በስምንት ቦታ ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል። በተግባር ግን ድርሻውን የሚያገኘው እዚያው የሚኖር፣ ዘመድ ያለው፣ ትውልድ ቆጥሮ መሟገት የሚችልና ሽማግሌ የሚመሰክርለት ሰው ነበር። ሴት ልጅ ወደ ባሏ አገር ከሄደች መብቷ ባይጠፋም መሬቱን የሚያርሰው ብዙውን ጊዜ ወንድሟ ነበር፤ ልጆቿ አድገው «የእናታችን ርስት» ብለው ሲመጡ ሙግቱ ይጀመራል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የሚነገረው ስለዚህ ዓይነቱ ሙግት ነው።

ርስትን ከጉልት መለየት ያስፈልጋል። ጉልት መሬቱን የማረስ መብት ሳይሆን ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለወታደር ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠው ነበር። ባለ ርስቱ ያርሳል፣ ይገብራል፤ ባለ ጉልቱ ይቀበላል። አንዳንዱ ጉልት በውርስ እንዲተላለፍ ሲፈቀድ ርስተ ጉልት ይባል ነበር፤ ይህም ግብር የመሰብሰብ ሥልጣኑ ራሱ ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር ማለት ነው። ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት በሕግ የተሻሩት በ1958 ነው።

ግብር እንደ ርስት ማስረጃ

በሌላው ዓለም ግብር ከፋይ ብዙውን ጊዜ ግብርን እንደ ቅነሳ ያያል፤ ከሀብቱ ላይ የሚወሰድ ነገር ነው። በርስት አገር ግን ግብር ሀብቱን የሚያጸናም ነገር ነበር። በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ሁለት ዘመዳሞች ሲሟገቱ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «የዚህ መሬት ግብር በማን ስም ሲከፈል ኖረ?» የሚል ነው። በአባቱ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ያለው ሰው ትውልድ ብቻ ከሚቆጥረው ይልቅ የሚያሳየው ነገር አለው። ስለዚህ የግብር ደረሰኝ ከሌላው ወረቀት ሁሉ ተለይቶ በጥንቃቄ ይቀመጥ ነበር።

ይህን ልማድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተቀብሎታል። በአንቀጽ 1168 መሠረት አንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ በንብረቱ ላይ የሚከፈለውን ግብር ለ15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ሰው የንብረቱ ባለቤት ይሆናል። ነገር ግን ሕጉ ለርስት አገር ልዩ ጥበቃ ጨምሯል፤ በልማድ የቤተሰብ ርስት በሆነ መሬት ላይ አንዱ የቤተሰብ አባል «እኔ ነኝ ግብር ስከፍል የኖርኩት» ብሎ ሌላውን የቤተሰብ አባል በዚህ ድንጋጌ ሊነቅለው አይችልም። ያለዚህ ልዩ ጥበቃ ቢሆን ኖሮ ቤት ቀርቶ ግብሩን የሚከፍለው ወንድም በ15 ዓመት ውስጥ የእህቶቹን ድርሻ ሁሉ ይጠቀልለው ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ስለ ግብር ቅነሳ በሚደረግ ክርክር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ግብር የይዞታ ማስረጃ በሆነበት አገር የግብር አከፋፈል ሲለወጥ ባለ ይዞታው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ብር እንደተጨመረበት ወይም እንደተቀነሰለት አይደለም፤ መሬቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ ነው። በ1960 በጎጃም የተነሳው አመፅ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው (ከታች ይመልከቱ)።

ከአስራት እስከ እርሻ ገቢ ግብር

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ከእህል ምርት ከአሥር አንድ የሚከፈለውን አስራት ወጥ ግብር አድርገው ደነገጉ። ከአስራት ሌላ ገበሬው እንደየቦታው ማር፣ በግ፣ ጉልበትና ሌላም ለባለ ጉልቱና ለሹሙ ያቀርብ ነበር። ከነዚህ አብዛኞቹ በገንዘብ የተተኩት ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የመሬት ግብር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 70 አስራቱን ወደ ገንዘብ ለውጦ ጨመረበት። አስራቱ ሲደመር በጋሻ የሚከፈለው ለለም 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1947 የትምህርት ግብር፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የጤና ግብር ታከሉ። ሁለቱም መሬትን መሠረት ያደረጉ ናቸው።

ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ለም መሬት ያለው ሰው በሄክታር የሚከፍለው 1 ብር ከ25 ሣንቲም ያህል ነበር። አንድ ጋሻ ያለው 50 ብር ሲከፍል መቶ ጋሻ ያለው 5,000 ብር ይከፍላል፤ በሄክታር ሲታይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሀብት በበዛ ቁጥር የግብሩ መጠን ከፍ የሚልበት አሠራር አልነበረም ማለት ነው። በጭሰኛ አገር ደግሞ ባለ መሬቱ አስራቱን መልሶ ከጭሰኛው ስለሚቀበል ትልቁ ባለ ሀብት ከግብሩ የሚደርስበት ጫና ከዚህም ያነሰ ነበር። በመንዝና በግሼ ብዙው ገበሬ የራሱን ርስት የሚያርስ ስለነበር ይህ ዓይነቱ ማሸጋገር እንደ ደቡቡ አልሰፋም፤ ግብሩ በቀጥታ አራሹ ላይ ያርፍ ነበር።

ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከዚህ በጋሻ ከሚተመነው አሠራር ውጭ ሆነው የቀድሞውን ቁርጥ ግብር ይከፍሉ ነበር። ምክንያቱ ገበሬው መሬት እንዳይለካ መቃወሙ ነው። መለካት ማለት መመዝገብ ነው፤ መመዝገብ ደግሞ ርስትን ከዘመድ ሁሉ የጋራ መብት ወደ አንድ ሰው ንብረት ይለውጠዋል የሚል ስጋት ነበር።

በኅዳር 1960 የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 አስራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ግብር ተካው። አሳቡ ከመሬት ስፋት ይልቅ ሰው ከመሬቱ የሚያገኘውን ገቢ መሠረት ማድረግና ብዙ ያለው የበለጠ እንዲከፍል ማድረግ ነበር። ረቂቁ ብዙዎቹ አባላት ባለ መሬት በነበሩበት ፓርላማ ውስጥ ሲያልፍ ተዳክሟል። ቢሆንም ለብዙ ትንንሽ ገበሬዎች ከበፊቱ የከፋ አልነበረም ሊባል ይችላል። የጎጃም ገበሬ ግን ገማች ኮሚቴ ወደ መሬቱ እንዲመጣ አልፈቀደም፤ አመፀ። መንግሥት የአየር ኃይልን ጨምሮ ወታደር ላከ፤ በኋላ ግን አዲሱን ግብር በዚያ ሳይሰበስብ ቀረ፣ ውዝፍ ግብርም ሰረዘ። የመሬት ሀብትን በአቅም ልክ ግብር የማስከፈል የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ የተሰናከለው እንግዲህ በዋነኛነት በትልልቅ ባለ ሀብቶች ጎዳና ላይ ሰልፍ ሳይሆን ርስታቸው እንዳይነካ በፈሩ ገበሬዎች ነው።

የጋራ ርስት፦ ጓሳ

ሁሉም ርስት ለየልጁ የሚከፋፈል አልነበረም። በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ተወላጆች በጋራ ሲጠቀሙበት የኖረ ነው። አስተዳደሩ ቄሮ ይባላል (በኦሮሚያ ከሚታወቀው የወጣቶች ስያሜ ጋር ግንኙነት የለውም)፤ መሪውም አባ ቄራ ይባል ነበር። ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ይታጨዳል። የመጠቀም መብቱ በትውልድ ይወረሳል፤ ሣሩ ግን አይከፋፈልም። በ1967 የቄሮ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱን ሲያጣ ቦታው ለጊዜው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ነው።

የ1967 አዋጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ (አዋጅ ቁጥር 31/1967)። መሬትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ መስጠት፣ ማከራየትና ማውረስ ተከለከለ። ሆኖም ባለ ይዞታው ሲሞት የትዳር ጓደኛው ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ፣ እነርሱም ከሌሉ አዋቂ ልጁ፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት እንዲኖራቸው አዋጁ ፈቅዷል። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 10 ሄክታር ነበር።

አዋጁን ከግብር አንጻር ማየት ያልተለመደ ቢሆንም ጠቃሚ ነው። በሌሎች አገሮች የውርስ ግብር ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ዋና ምክንያት ትልቅ ሀብት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተጠራቀመ እንዳይሄድ ማድረግ ነው። የ1967 አዋጅ ይህን በግብር ሳይሆን በአንድ ቀን ሠራው፤ ለትላልቅ ባለ መሬቶች ውርስ መቶ በመቶ ግብር ተጣለበት እንደ ማለት ነው። በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ይህ ነጻነት ነበር። በመንዝና በግሼ ግን አብዛኛው ሰው ጭሰኛ ሳይሆን ትንሽ ባለ ርስት ስለነበር አዋጁ የተሰማው በሌላ መልክ ነው፤ የሚከፋፈል ሰፊ የባላባት መሬት ጥቂት ነበር፣ የተወሰደው ግን ከሩቅ ርስት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። አገር ለቆ አዲስ አበባ የገባ የግሼ ተወላጅ ከዚያ በኋላ «የአያቴ ርስት» ብሎ መሟገቻ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1968 ደግሞ ለገጠሩ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ ለከተማው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር (አዋጅ ቁጥር 80/1968) ተደነገጉ። ርስት ቢጠፋም ዓመታዊ ግብሩ አልጠፋም፤ ተቀባዩ ተለወጠ እንጂ።

የአሁኑ ሕግ

የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ የሠራውን ቤት፣ የተከለውን ዛፍና ያደረገውን ማሻሻያ ግን መሸጥና ማውረስ ይችላል። አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያንና የግል ገበሬዎችን የእርሻ ገቢ ግብር የሚወስኑትና የሚሰበስቡት ክልሎች ናቸው (አንቀጽ 97)።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጆች በ1992 (ቁጥር 46)፣ በ1998 (ቁጥር 133) እና በ2009 (ቁጥር 252) ወጥተዋል። በእነዚህ ሕጎች የመሬት የመጠቀም መብት በኑዛዜም ያለ ኑዛዜም ይወረሳል። በኑዛዜ የሚወርሰው በግብርና የሚተዳደር ወይም ሊተዳደር የሚፈልግ ሰው መሆን አለበት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ወይም የትዳር ጓደኛን የሚነቅል ኑዛዜ ተቀባይነት የለውም። ከዝቅተኛው መጠን በታች መሬት መሸንሸንም አይፈቀድም። ባለ ይዞታው የሚይዘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ባልና ሚስት በጋራ የሚመዘገቡበት ሲሆን የሁለቱም ፎቶ ይለጠፍበታል። ቀድሞ የግብር ደረሰኝ ይሠራው የነበረውን የማስረጃነት ሥራ አሁን በብዛት የሚሠራው ይህ ደብተር ነው። በሙግት ጊዜ ግን ደረሰኝ ዛሬም ይቀርባል።

ወራሹ መሬቱን ሲረከብ በመሬቱ ዋጋ ላይ የሚሰላ የውርስ ግብር አይከፍልም። እንዲያውም ለማስላትም ያስቸግራል፤ የማይሸጥ መሬት የገበያ ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ በይዞታው ስፋት የሚተመን የመጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር በስሙ ይመጣበታል።

በደጋው ትልቁ ችግር የመሬቱ መሸንሸን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 1 ሄክታር የነበራቸው ባልና ሚስት አራት ልጆች ቢኖሯቸውና መሬቱ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 0.25 ሄክታር ይደርሳል። እነዚያም አራት አራት ልጅ ቢወልዱ ለአንድ የልጅ ልጅ የሚደርሰው 625 ካሬ ሜትር ነው፤ ከአንድ መካከለኛ የከተማ ግቢ ብዙም አይበልጥም። እርግጥ ከጋብቻ የሚመጣ ድርሻ ስላለና ሁሉም ልጅ ገበሬ ስለማይሆን በተግባር እንዲህ በቀጥታ አይወርድም። ከዝቅተኛው መጠን በታች መሸንሸን የሚከለክለው ድንጋጌም ወራሾች ሳይካፈሉ በጋራ እንዲይዙት ወይም አንዱ አርሶ ሌሎቹ እንዲቀሩ ያደርጋል። የሚቀሩት ወደ ራቤል፣ ወደ መሀል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

በ1989 በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም ከዚህ ጋር ይነሳል። በዚያን ጊዜ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች ከሌሎች ያነሰ መሬት እንዲቀርላቸው ተደርጓል። ፍረጃው ሰውየው በወቅቱ በነበረው ሀብት ሳይሆን በቀድሞ ሥርዓቶች በነበረው ወይም በቤተሰቡ ሹመት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ብዙ ቅሬታ አስነስቷል። ሀብትን መልሶ ለማከፋፈል ሲባል መለኪያው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ ሲነሳ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ምሳሌ ነው።

ከመሬት ውጭ ያለ ሀብት

በከተማ የተወረሰ ቤት ላይ ያለው አሠራርም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ፣ የስም ማዛወሪያ ጉዳይ ይፈጽማሉ፣ ከዚያም ዓመታዊውን የቤት ግብር ይቀጥላሉ። ቤቱ ሲሸጥ በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በማይንቀሳቀስ ንብረት ትርፍ ላይ 15 በመቶ፣ በአክሲዮን ትርፍ ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ሻጩ የኖረበት መኖሪያ ቤት በተወሰነ ሁኔታ ነጻ ነው። ግብሩ የሚመጣው በመሸጥ ስለሆነ ቤቱን ሳይሸጥ ከልጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ቤተሰብ ይህን ግብር ሳያየው ሊኖር ይችላል።

መንግሥት በቀጥታ ውርስን የሚወስድበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 852 መሠረት ሟቹ ያልተናዘዘና በሕጉ የተቆጠሩ ዘመዶች የሌሉት ከሆነ ሀብቱ ለመንግሥት ይሆናል። ትውልድ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም።

በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ የቆየውን የከተማ ቤት ግብር በንብረቱ ዋጋ ላይ በተመሠረተ ዓመታዊ ታክስ ለመተካት የታሰበ ሲሆን የሚሰበስቡት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ታክሱ የሚጠይቀው ንብረቱን አሁን የያዘውን ሰው ነው፤ በውርስ አገኘው ወይም በራሱ ገዛው አይለይም።

የውርስ ግብር ክርክር

የውርስ ግብር በሌሎች አገሮች በሁለት አቅጣጫ ሄዷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1894 ዘመናዊውን የሟች ሀብት ግብር የጀመረች ሲሆን አሁን ከ325,000 ፓውንድ በላይ በሆነው ሀብት ላይ 40 በመቶ ታስከፍላለች። ጃፓን በትልቁ ውርስ ላይ እስከ 55 በመቶ ትወስዳለች። በተቃራኒው ኬንያ በ1982፣ ሕንድ በ1985፣ ስዊድን በ2004 መጨረሻ፣ ኖርዌይ በ2014 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) አስቀርተውታል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለእርሻ መሬት የነበረውን ሙሉ ነጻነት ለመቀነስ ስታስታውቅ ገበሬዎች ለንደን ድረስ ወጥተው ተቃውመዋል። ምክንያታቸው «መሬት አለን እንጂ ጥሬ ገንዘብ የለንም፤ ግብሩን ለመክፈል መሬቱን መሸጥ ሊኖርብን ነው» የሚል ነበር።

ይህ ምክንያት ለግሼ ገበሬ የበለጠ ይሠራል፤ እሱ መሬቱን ለመሸጥ እንኳ አይፈቀድለትም። ግሼ ላይ ሩብ ሄክታር በወረሰ ልጅ ላይ የውርስ ግብር ቢጣል ገንዘቡ የሚመጣው በሬ ወይም በግ በመሸጥ ነው፤ ያም መሬቱ የሚታረስበትን አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ በገጠር ይዞታ ላይ የውርስ ግብር መጣል የሚያዋጣ አይመስልም። የዓመታዊው ክፍያ አተማመን ግን ሊጠየቅ ይችላል፤ ስፋትን ብቻ የሚያይ ተመን ጠፍና ድንጋያማ ተዳፋትን ከለም ሜዳ ጋር አንድ ሊያደርግ ይችላል። የ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) ተመን እንኳ ለምና ጠፍ ብሎ ይለይ ነበር።

የከተማ ውርስ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሕንፃ ወይም የባንክ አክሲዮን የሚወርስ ሰውና ግሼ ውስጥ ሩብ ሄክታር የሚወርስ ሰው በውርሱ ቀን የሚከፍሉት የውርስ ግብር እኩል ነው፤ ሁለቱም ዜሮ ይከፍላሉ። የውርስ ግብር ይጀመር የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ይህን ልዩነት ሲሆን ከፍ ያለ መነሻ ቢበጅለትና ከመነሻው በታች ያለው ሁሉ ነጻ ቢሆን የገጠሩን ሰው ሳይነካ ትልቁን ሀብት ሊደርስበት እንደሚችል ይከራከራሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ሀብቱ ሲፈራ አንድ ጊዜ ግብር ተከፍሎበታል፣ ወላጅ የሚደክመው ለልጁ ነው፣ የንብረት ምዝገባና ግመታ ባልተሟላበት አገር ግብሩ የሚያርፈው በግልጽ በሚታየው ቤት ላይ እንጂ በሚሸሸገው ገንዘብ ላይ አይደለም ይላሉ። የመጨረሻው ምክንያት ከሁሉ የጠነከረ ይመስላል፤ የ1960ው ግብር የወደቀውም በግመታው ላይ ነው። ዓመታዊው የንብረት ታክስ የሚፈልገው የንብረት መዝገብና ግመታ ከተሟላ ግን ለውርስ ግብር የሚያስፈልገው መሠረትም በአብዛኛው አብሮ ይገኛል።

ራቤልን በመሳሰሉ ትንንሽ ከተሞች ሁለቱ ዓለማት ይገናኛሉ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማው ቦታ የሠራ ሰው ለልጆቹ ሁለት ዓይነት ውርስ ትቶ ያልፋል፤ በደብተር የተመዘገበ የማይሸጥ እርሻና በካርታ የተመዘገበ የሚሸጥ ቤት። የመጀመሪያው በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ፣ ሁለተኛው በከተማ ሕግ ይተዳደራል፤ ግብራቸውም በየራሳቸው ተመን ይሰላል። ወንድማማቾች ሲካፈሉ እርሻው ላገር ቤቱ ልጅ፣ ቤቱ ለከተማው ልጅ ቢባል ክፍፍሉ በዓይን እኩል ሊመስል ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ዋጋው የሚጨምረውና ለባንክ መያዣ በቀላሉ የሚሆነው ቤቱ ነው። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ መፍቀዱ ይህን ልዩነት በመጠኑ ሊያጠብ ይችላል።